መርዝና መቀርቀሪያ፤ የኮዮቴና የጓሮ ዶሮ ታሪክ በአሜሪካ

መግቢያ

የታሪክ ጽሑፍ ሲባል አብዛኞቻችን የምንጠብቀው የንጉሥ ዘውድ፣ የጦር ሜዳ ወይም የውል ሰነድ ነው። ስለ ዶሮና ስለ ዶሮ በላ አውሬ ልጻፍ ብሎ የተነሣ ተማሪ «ምነው፣ ርእስ ጠፋ እንዴ?» መባሉ አይቀርም። ይባል! ዳሩ ግን አንድ ኃያል መንግሥት በአንድ ከውሻ ባነሰ አውሬ ላይ ስንት ገንዘብ እንዳፈሰሰ፣ ስንት ዓይነት መርዝ እንደቀመመ፣ ከዚያ ሁሉ ዘመቻ በኋላም አውሬው ጠፍቶ ሳይሆን ግዛቱን ከዳር እስከ ዳር አስፍቶ እንደተገኘ የተመለከተ ሰው፣ ጉዳዩ ከዶሮም ከአውሬም በላይ መሆኑን ይረዳል።

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፤ አንድን ነገር ከጠላቱ መጠበቅ ማለት ጠላቱን ማጥፋት ነው? ወይስ የሚጠበቀውን ነገር ማጠር? በአሜሪካ ሁለቱም ተሞክረዋል። የመጀመሪያው መንገድ በሕግ፣ በበጀትና በቢሮ የታገዘ ስለነበር ታሪኩ በሰነድ ተመዝግቦ ይገኛል። የሁለተኛው ታሪክ ግን ማታ ማታ በምትዘጋ አንዲት መቀርቀሪያ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ማንም ልብ ብሎ አልጻፈውም። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ጎን ለጎን ለማየት እንሞክራለን። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ/ ኮዮቴ ማን ነው?

ኮዮቴ የሰሜን አሜሪካ አውሬ ነው። በአማርኛ የራሱ ስም የለውም፤ ሊኖረውም አይችል፣ አገራችንን ረግጦ አያውቅማ። መልኩ እኛ ቀበሮ ከምንለው ጋር ይቀራረባል፤ ከተኩላ ያንሳል፣ ከቀይ ቀበሮ ግን ይበልጣል። በምዕራቡ ክፍል የሚኖረው ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 16 ኪሎ ይመዝናል። ስሙ የመጣው የሜክሲኮ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከናዋዎች ቋንቋ ነው፤ እነሱ «ኮዮትል» ይሉታል። ሽማግሌው ኮዮቴ የሚባል የዘፈንና የጭፈራ አምላክም ነበራቸው። በምዕራብ አሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ነባር ሕዝቦች ተረት ውስጥም ኮዮቴ አንዴ ብልህ፣ አንዴ ጅል፣ ሁልጊዜ ግን ተንኮለኛ ሆኖ ይገኛል። በእኛ ተረት ጦጣ የያዘችውን ቦታ እዚያ ኮዮቴ ይዞታል ማለት ይቻላል።

ነጮቹ ኮዮቴን ያወቁት ዘግይተው ነው። ሉዊስና ክላርክ የተባሉት የመንግሥት መልእክተኞች በ1804 ሚዙሪ ወንዝን ተከትለው ወደ ምዕራብ ሲጓዙ አንዱን ገድለው የሜዳ ተኩላ አሉት። በ1823 ደግሞ ቶማስ ሴይ የተባለ የተፈጥሮ ተመራማሪ «ካኒስ ላትራንስ» የሚል የሳይንስ ስም ሰጠው፤ ትርጉሙ ጯሂ ውሻ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ አውሬው ከማንም ጋር ጸብ አልነበረውም። ስሙ እየከፋ የሄደው ቀስ በቀስ ነው። ደራሲው ማርክ ትዌይን በ1872 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ኮዮቴን የተራበ፣ የተጎሳቆለ፣ ወዳጅ የሌለው ምስኪን አድርጎ ሣለው። አንባቢ ሳቀ፤ ሥዕሉ ግን በሕዝብ አእምሮ ተቀርጾ ቀረ። ከመሳቅ ወደ መናቅ፣ ከመናቅ ወደ ማጥፋት የሚወስደው መንገድ አጭር መሆኑን በሌላም ታሪክ አይተናል።

ስለ ምግቡ ስንነጋገር ኮዮቴ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ጥንቸል፣ አይጥ፣ የሞተ ከብት፣ አንበጣ፣ የወደቀ ፍሬ፣ ሐብሐብ ሳይቀር። ዶሮ ካገኘ ደግሞ አይምርም። ታሪካችን የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ለ/ የእንቁላል ገንዘብ

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ የገበሬ ቤት ዶሮ የሴቷ ነበረች። ማሳው፣ ፈረሱና ከብቱ በባል እጅ ሲሆኑ ዶሮውና እንቁላሉ በሚስት እጅ ነበሩ። ከእንቁላሉ የሚገኘው ሳንቲም «የእንቁላል ገንዘብ» ይባል ነበር። ስኳሩ፣ ቡናው፣ የልብሱ ጨርቅና የልጁ ጫማ የሚገዛው በዚሁ ነው። የእህሉ ዋጋ በወደቀበት ወይም ድርቅ በመታበት ዓመት ቤቱን ያቆመው ይኸው ሳንቲም ነበር። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ከተቀመጥነው መካከል የመጀመሪያ ደብተሩና እርሳሱ በእንቁላል የተገዛለት ተማሪ ጥቂት አይመስለኝም።

እንግዲህ አንድ ሌሊት ኮዮቴ ዶሮ ቤት ገብቶ አሥሩን ጨርሶ ሲሄድ የጠፋው ሥጋ ብቻ አልነበረም። የዓመቱ ስኳር፣ የዓመቱ ጫማ ነው የጠፋው። ነገር ግን ይህ ጉዳት ከመንግሥት መዝገብ የሚገባበት መንገድ አልነበረም። በግ አርቢው ማኅበር ነበረው፣ በምክር ቤት የሚናገርለት ሰው ነበረው፤ ባለ አሥር ዶሮዋ ሴት ግን ማን አላት? ይህን ነጥብ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፣ ወደፊት እንመለስበታለን።

የዶሮ ጠባቂዋ መሣሪያ ሽቦ ነበር። ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ያለውን ቀጭን የዶሮ ሽቦ በ1844 የሠራው በእንግሊዝ አገር የኖርዊች ከተማ ሰው የነበረው ቻርልስ ባርናርድ ነው፤ ሐሳቡን ያገኘው ከሸማ መሸመኛ መኪና ነበር። ሽቦው ርካሽና ቀላል ስለነበረ ባሕር ተሻግሮ በየገበሬው ጓሮ ተዘረጋ። አንድ ችግር ግን ነበረበት። ሽቦው ዶሮዋ ወደ ውጭ እንዳትወጣ ይከለክላል እንጂ ጥርስ ያለው አውሬ ወደ ውስጥ እንዳይገባ አይከለክልም። ቀጭን ነው፤ ኮዮቴ ነክሶ ይቀደዋል፣ ወይም ከሥሩ ቆፍሮ ይገባል። ስሙ «የዶሮ ሽቦ» ስለሆነ ብቻ ዶሮን ይጠብቃል ብሎ ማመን እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት ነው።

ከዚያ በኋላ ዶሮዋ ራሷ ቤት ለወጠች። በ1879 ላይማን ባይስ በካሊፎርኒያ፣ ፔታሉማ በምትባል ከተማ የእንቁላል መፈልፈያ መኪና ሠራ፤ ከተማዋም በእንቁላል ስሟ ገነነ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት በየግድግዳው በለጠፈው ሥዕል እያንዳንዱ ቤተሰብ በጓሮው ዶሮ እንዲያረባ ቀሰቀሰ፤ በነፍስ ወከፍ ሁለት ዶሮ ካለ ቤቱ እንቁላል አይቸግረውም ይል ነበር። ጦርነቱ ካበቃ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1923፣ በደላዌር ክፍለ ሀገር የምትኖር ሴሲል ስቲል የተባለች የቤት እመቤት 50 ጫጩት አዝዛ በስሕተት 500 መጣላት። አልመለሰችም፤ አሳድጋ ለሥጋ ሸጠቻቸው። በ1926 ዐሥር ሺ ዶሮ የሚይዝ ቤት ነበራት። የዛሬው ግዙፍ የዶሮ ኢንዱስትሪ ከዚህ ስሕተት እንደተወለደ ይነገራል።

ነገሩ አስቂኝ ቢመስልም ውጤቱ ከባድ ነው። በመቶ ሺ የሚቆጠሩ ዶሮዎች በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ ሲገቡ በ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የጓሮ ዶሮ እየመነመነ ሄደ። ብዙ ከተማም በደንብ ከለከላት። የእንቁላል ገንዘብም ከሴቲቱ እጅ ወጥቶ ወደ ኩባንያ ሒሳብ ገባ። እንግዲህ ኮዮቴ የማይደርስባት ዶሮ ተገኘች፤ ግን የዶሮዋ ባለቤት ጠፋች።

ሐ/ የመርዝ ዘመን

አሁን ወደ ሌላው መንገድ እንሻገር። ጠላትን ማጥፋት።

መጀመሪያ የመጣው የጭንቅላት ዋጋ ነው። ገና በ1630 የማሳቹሴትስ ሰፋሪዎች ለተገደለ ተኩላ ገንዘብ ይከፍሉ ነበር። ካሊፎርኒያ በ1891 ለአንድ የኮዮቴ የራስ ቆዳ 5 ዶላር እከፍላለሁ አለች። 5 ዶላር በዚያ ዘመን ቀላል ገንዘብ አይደለም። ታዲያ ምን ሆነ? ከጎረቤት ክፍላተ ሀገርና ከሜክሲኮ ጭምር የተገደለ ኮዮቴ ቆዳ ወደ ካሊፎርኒያ እየተጫነ ይገባ ጀመር። መንግሥት ኮዮቴ አጠፋሁ ሲል የኮዮቴ ገበያ ከፍቶ አረፈው! በ1905 ደግሞ የሞንታና ምክር ቤት ከዚህ የባሰ ሕግ አወጣ፤ ተኩላና ኮዮቴ እየተያዙ በእከክ በሽታ እንዲለከፉና በሽታውን ለወገናቸው እንዲያዳርሱ እንዲለቀቁ። የሐኪምን ሙያ ለማከም ሳይሆን ለማሳመም ያዋለ ሕግ ነው።

የፌዴራሉ መንግሥት በይፋ የገባበት በ1915 ነው። ምክር ቤቱ በእርሻ ሚኒስቴር ሥር ለነበረው የሥነ ሕይወት ጥናት ቢሮ 125 ሺ ዶላር መድቦ ተኩላንና ኮዮቴን የሚያጠፉ ደመወዝተኛ አዳኞች አሰማራ። ቢሮው በመጀመሪያ የተቋቋመው ወፎች ለእርሻ የሚሰጡትን ጥቅም ለማጥናት ነበር፤ ጥናት በጀት አያመጣም፣ ግድያ ግን ያመጣል። በ1920 ደግሞ የማጥፊያ ዘዴ የሚመረምር ቤተ ሙከራ ተከፈተ፤ በዓመቱም ወደ ዴንቨር ከተማ ተዛወረ። ስትሪክኒን የተባለው መርዝ ከሥጋና ከጮማ ጋር እየተለወሰ በየሜዳው ተበተነ። በየሎስቶን ብሔራዊ ፓርክ የመጨረሻዎቹ ተኩላዎች በ1926 ተገደሉ። ተኩላው ሲያልቅ የቢሮው ዓይን በሙሉ ወደ ኮዮቴ ዞረ፤ ቢሮ ጠላቱ ሲያልቅበት ራሱን አይዘጋም፣ ሌላ ጠላት ይፈልጋል።

በመጋቢት 1931 ፕሬዚዳንት ሁቨር የፈረሙት ሕግ ለአሥር ዓመት፣ በዓመት እስከ አንድ ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ዘመቻ ፈቀደ። ይህ አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት በምትማቅቅበት፣ ሥራ ፈቱ ለሾርባ በሚሰለፍበት ወቅት መሆኑን ልብ ይሏል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ «አሥር ሰማንያ» በሚል ቁጥር የሚጠራው መርዝና ታሊየም የተባለው መርዝ ተጨመሩ። ሽታ ስቦት አፉን ሲያስጠጋ ሳያናይድ የሚተፋበት፣ መሬት ላይ የሚተከል መሣሪያም ተሠራ። የታሪክ ጸሐፊው ዳን ፍሎረስ በ2016 ባሳተመው የኮዮቴ ታሪክ ከ1947 እስከ 1956 ባሉት ዓመታት ብቻ በምዕራብ አሜሪካ ወደ ስድስት ሚሊዮን ተኩል የሚጠጋ ኮዮቴ መገደሉን ጽፏል።

መርዝ ግን መርጦ አይገድልም። የተመረዘውን ሥጋ ውሻም ይበላዋል፣ ቀበሮም ይበላዋል፣ አሞራም ይበላዋል። በ1971 በዋዮሚንግ ክፍለ ሀገር በአንድ ሸለቆ በታሊየም የተመረዙ ንስሮች ሞተው ተገኙ። ንስር ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ዓርማ ነው! ሕዝቡ ተቆጣ፤ የኮዮቴው ሞት ያላስቆጣው ሕዝብ በዓርማው ሞት ተቆጣ። በየካቲት 1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን በፌዴራል መሬት ላይ መርዝ እንዳይነዛ የሚከለክል ትእዛዝ አወጡ። ከዚያ ወዲህ ትእዛዙ አንዴ ሲላላ አንዴ ሲጠብቅ ቆይቷል። በ2017 በአይዳሆ ክፍለ ሀገር አንዱ የሳያናይድ መሣሪያ ፈንድቶ አንድ ታዳጊ ልጅ ሲጎዳ ውሻው ሞተ፤ በ2023 ደግሞ የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ በሚያስተዳድረው መሬት ላይ መሣሪያው መተከሉ እንዲቆም ተደረገ። ግድያው ግን አልቆመም። ከ2013 እስከ 2020 በነበሩት ዓመታት የመንግሥቱ አዳኞች በየዓመቱ ከ60 ሺ በላይ ኮዮቴ ገድለዋል።

እዚህ ላይ ቀደም ሲል ያነሣሁትን ነጥብ ላስታውስ። ይህ ሁሉ ዘመቻ በዋናነት የተካሄደው ለበግና ለከብት አርቢው ነበር። ባለ ዶሮዋ ሴት በክርክሩ ስሟ ቢነሣም ከበጀቱ የደረሳት ነገር እምብዛም ነው። በጉስ ቢሆን ተጠቀመ ወይ? በ1942 አሜሪካ ወደ 56 ሚሊዮን የሚጠጋ በግ ነበራት፤ ዛሬ ያላት ወደ 5 ሚሊዮን ገደማ ነው። በጉን ያሳነሰው ኮዮቴ ብቻ ነው ለማለት አይቻልም፤ የሱፍ ዋጋ ወድቋል፣ ናይሎን መጥቷል፣ የበግ ሥጋ የሚበላው ሰው ቀንሷል፣ እረኛ ጠፍቷል። ይህም ማለት ዋናው የበጉ ጠላት ገበያው ሆኖ ሳለ ጥይቱ የተተኮሰው በኮዮቴ ላይ ነበር።

መ/ ለምን አላለቀም?

ይህን ጥያቄ ከመንግሥቱ ቤት ውስጥ ሆነው የጠየቁ ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ወንድማማቾች ኦላውስና አዶልፍ ሙሪ ሥራቸው ጫካ ለጫካ እየዞሩ የኮዮቴ ኩስ መሰብሰብና መመርመር ነበር። ኦላውስ በ1935 የጃክሰን ሆልን፣ አዶልፍ በ1940 የየሎስቶንን ጥናት አሳተሙ። አዶልፍ ያገኘው ምንድን ነው? ኮዮቴው ከሁሉ አብልጦ የሚበላው የሜዳ አይጥ ነው። ቻርልስ ስፔሪ የተባለ ሌላ የመንግሥት ተመራማሪ ደግሞ 8,339 የኮዮቴ ጨጓራ መርምሮ በ1941 ባወጣው ጽሑፍ ከምግቡ ሲሶው ጥንቸል፣ ሩቡ የሞተ ከብት መሆኑን አሳየ። የዶሮ ድርሻ በጣም ትንሽ ነበር። ይህ ማለት ግን ዶሮዋ የተበላችባት ሴት ዋሽታለች ማለት አይደለም። ለኮዮቴው ከመቶ አንድ የማይሞላ ምግብ ለሴትየዋ መቶ በመቶ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። አማካይ ቁጥርና የሰው ኑሮ ሁልጊዜ አንድ ቋንቋ አይናገሩም።

ሁለተኛው መልስ በአውሬው አኗኗር ውስጥ ነው። ኮዮቴ በቤተሰብ የሚኖር፣ ግዛት የሚከልል አውሬ ነው። ሳይነካ ሲኖር በአንድ ግዛት ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚወልዱት መሪዎቹ ባልና ሚስት ብቻ ናቸው። መሪዎቹ ሲገደሉ ግን ቤተሰቡ ይበተናል፤ ወጣቶቹ ገና በለጋ ዕድሜያቸው ይወልዳሉ፤ ተፎካካሪ ሲያንስና ምግብ ሲተርፍ በአንድ ጊዜ የሚወለደውም ሆነ የሚያድገው ግልገል ይበዛል። ፍሬድሪክ ኖልተን በ1972 ይህን የመራባት ጠባይ በጽሑፍ አሳየ። ኮኖሊና ሎንግኸርስት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ደግሞ በ1975 ሒሳቡን ሠርተው ኮዮቴን ለማጥፋት በየዓመቱ ከመቶው 75ቱን መግደል፣ ይህንንም ከ50 ዓመት በላይ ሳያቋርጡ መቀጠል እንደሚጠይቅ ገመቱ። የትኛው መንግሥት፣ በየትኛው በጀት?

ሦስተኛው መልስ ደግሞ ሰው ራሱ ነው። ተኩላ የኮዮቴ ትልቁ ጠላት ነበር፤ ሰው ተኩላውን አጠፋለት። ጥቅጥቅ ያለው የምሥራቁ ደን ለኮዮቴ አይመችም ነበር፤ ሰው ደኑን መነጠረለት። ስለዚህ የምዕራብ ሜዳና በረሃ አውሬ የነበረው ኮዮቴ በ20ኛው ምዕተ ዓመት ወደ ሰሜን እስከ አላስካ፣ ወደ ምሥራቅ እስከ አትላንቲክ ዳርቻ ሄደ። በመንገዱም ከተረፉት ተኩላዎች ጋር ተዳቅሎ በምሥራቅ አካሉ ገዘፈ። በ1981 ገደማ ፓናማ ደርሷል። ዛሬ ከሃዋይ በቀር የማይገኝበት የአሜሪካ ክፍለ ሀገር የለም። እንግዲህ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ፖሊሲ ነው።

ሠ/ ሁለቱ ጉዞዎች ሲገናኙ

በ1999 ኒው ዮርክ መካከል በሚገኘው ሴንትራል ፓርክ አንድ ኮዮቴ ተያዘ። በ2007 ደግሞ ቺካጎ ውስጥ አንዱ በጠራራ ፀሐይ ወደ አንድ ሳንድዊች ቤት ገብቶ የለስላሳ መጠጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተኛ! ቺካጎ ላይ በ2000 በስታንሊ ጌርት መሪነት የተጀመረው ጥናት የአንገት ራዲዮ እያሰረ ሲከታተላቸው በከተማው ውስጥ በብዛት እንደሚኖሩ፣ ከሰው ለመራቅም ኑሯቸውን ወደ ሌሊት እንዳዞሩ አሳየ። ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባት በዋሽንግተን ከተማ እንኳ ሮክ ክሪክ በሚባለው ፓርክ ከ2004 ጀምሮ ኮዮቴ ታይቷል።

በዚያው ሰሞን ዶሮዋም ወደ ከተማ ተመለሰች። በ2004 የማዲሰን ከተማ ነዋሪዎች ተደራጅተው በጓሮ ዶሮ ማርባትን አስፈቀዱ፤ ብዙ ከተሞች ተከተሉ። ደንቡ በአብዛኛው ቁጥሩን ይወስናል፣ አውራ ዶሮን በጩኸቱ ይከለክላል። ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ሰው በብዛት ገባበት። በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ መደብሮች ጫጩት አለቀባቸው። ከ2022 ወዲህ በወፍ ጉንፋን ምክንያት ብዙ ሚሊዮን የፋብሪካ ዶሮዎች ተገድለው፣ በመጋቢት 2025 የአንድ ደርዘን እንቁላል አማካይ ዋጋ 6 ዶላር ከ23 ሳንቲም ሲደርስ የጓሮ ዶሮ እንደገና መነጋገሪያ ሆነች። አንዱ ከበረሃ፣ ሌላዋ ከፋብሪካ ተነሥተው ሁለቱ ጥንታውያን ባላንጣዎች በአንድ ጓሮ ተገናኙ።

በዚህ ጊዜ ግን ከተማ ውስጥ መርዝ መበተን አይቻልም፤ ጥይት መተኮስም አይቻልም። ሰዎቹ ሳይወዱ በግድ ወደ ሁለተኛው መንገድ ተመለሱ። ወደ ማጠር።

ረ/ የአጥር ብልሃት

አጥሩ የሚሠራው የአውሬውን ጠባይ ደረጃ በደረጃ በማወቅ ነው። ኮዮቴ ነክሶ ይቀዳል፤ ስለዚህ በቀጭኑ የዶሮ ሽቦ ፈንታ ቀዳዳው ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ከሩብ የሚጠጋ ወፍራም ወንፊት ሽቦ ይወጠራል። ይኸው ሽቦ እጁን እንደ ሰው የሚጠቀመውን ራኩን የተባለ አውሬም ይከለክላል። ኮዮቴ ይቆፍራል፤ ስለዚህ ሽቦው ከአጥሩ ሥር ወደ ውጭ ታጥፎ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል መሬት ላይ ይነጠፋል ወይም ይቀበራል። አውሬው የሚቆፍረው አጥሩ ሥር ተጠግቶ ነው፤ እግሩ ሽቦ ላይ ሲያርፍ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ መጀመር እንዳለበት አይገባውም። ኮዮቴ ይዘላል፣ ይንጠላጠላልም፤ ስለዚህ አጥሩ ከአንድ ሜትር ከሰማንያ አያንስም፣ የተሻለውም ከላይ መክደን ነው። ከላይ መክደኑ ለጭልፊትም መድኃኒት ነው። አቅም ያለው ደግሞ ባለ ኤሌክትሪክ ሽቦ ይጨምራል፤ አፍንጫውን አንዴ የነዘረው አውሬ ያንን ቦታ አይረሳም።

ከሁሉ በላይ ግን በሩ ነው። ዶሮ ሲመሽ ዓይኗ ስለማያይ ማንም ሳይነዳት በራሷ ወደ ቆጧ ትገባለች። የሚቀረው የሰው ድርሻ ብቻ ነው፤ መዝጋት። እንጨት ወደ ጎን ብቻ የሚዞር መወርወሪያ ራኩን ስለሚከፍተው ሁለት እንቅስቃሴ የሚጠይቅ መቀርቀሪያ ይመረጣል። ብርሃን ሲጠፋ በራሱ የሚዘጋ በርም ተሠርቷል፤ እሱም ቢሆን አንዷ ዶሮ ውጭ ቀርታ እንደሆነ አይቆጥርም። ደግሞም የተረፈ ምግብና የወደቀ ፍሬ ከግቢው መጽዳት አለበት፤ ሽታ ጎትቶ ያመጣው ኮዮቴ ዶሮዋን ሳያይ አይመለስም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን ይህ ሁሉ መሠራት ያለበት የመጀመሪያዋ ዶሮ ሳትበላ ነው።

ሰፊ መሬት ላላቸው ደግሞ ከሁሉ የቆየው ብልሃት ተመልሷል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሬይመንድና ሎርና ኮፒንገር በማሳቹሴትስ፣ ሃምፕሻየር ኮሌጅ ሆነው ከጣሊያን፣ ከዩጎዝላቪያና ከቱርክ የመንጋ ጠባቂ ውሾች አስመጥተው ለአሜሪካ ገበሬዎች ማደል ጀመሩ። ውሻው ከቡችላነቱ ጀምሮ ከበጉ ጋር ያድጋል፣ በጉን ወገኔ ይላል፣ ኮዮቴ ሲመጣም ይጮኻል፣ መሐል ይቆማል። ብዙውን ጊዜ መግደል አያስፈልገውም፤ ማስቸገር ይበቃዋል። የተማሩ ሰዎች ከስልሳ ዓመት መርዝ በኋላ የደረሱበት ነገር የደጋ እረኛ ለብዙ ሺ ዓመታት ያውቀው የነበረ መሆኑ ያስተክዛል።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ኮዮቴ ጥሩ ነው ወይም ገበሬው ክፉ ነው የሚል አይደለም። ዶሮዋ የተበላችባት ሴት ኪሳራ እውነተኛ ነው፤ አውሬው ዛሬም ይበላል፣ ነገም ይበላል። ጥያቄው ያ ኪሳራ ለማን ምን ሆነ የሚለው ነው። አንደኛው መንገድ ኪሳራውን ወደ በጀት፣ በጀቱን ወደ ቢሮ፣ ቢሮውን ወደ ዘላለማዊ ዘመቻ ለወጠው፤ በመጨረሻም የሚቆጠረው የዳነ ዶሮ ሳይሆን የሞተ ኮዮቴ ሆነ። የተገደለውን መቁጠር ቀላል ነው፤ ማታ ተዘግቶባት በሰላም ያደረችውን ዶሮ ግን የቆጠረ ቢሮ የለም። ታሪክ ጸሐፊም ከመዝገብ የሚጽፍ እስከሆነ ድረስ ሳያስበው ከቆጣሪው ጋር ይወግናል።

ሁለተኛው መንገድ ጀግና የለውም፤ ድልም የለውም። ዛሬ የተዘጋው በር ነገ ማታ እንደገና ይዘጋል፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ምናልባት አሰልቺ ስለሆነ ይሆናል በሕግም በመጽሐፍም ያልገባው። እኔ እንደሚመስለኝ ግን የሰው ልጅ አብዛኛውን ነገሩን ያቆየው በዘመቻ ሳይሆን በዚህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሥራውንም የሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው።

ስለዚህ የታሪክ ተማሪ ነኝ የሚል ጓደኛዬ ሁሉ ለእረፍት ወደ ቤቱ ሲሄድ አንድ ነገር ቢያደርግ እመኛለሁ። እናቱን ወይም አያቱን ጠይቆ ሸለመጥማጥና ጭልፊት ዶሮ በሚፈጁበት ጊዜ ቤታቸው ምን ያደርግ እንደነበር፣ ቆጡ በምን እንደሚሠራ፣ በሩን ማን እንደሚዘጋ፣ የእንቁላሉ ገንዘብ ለምን እንደዋለ ጽፎ ይምጣ። የትም መዝገብ ቤት አይገኝም፤ እነሱ ሲያልፉም አብሮ ያልፋል።